በጓዳው ጨለማ የበራው የባሕር ውሃ

ለውድ ወንድሜ ለዓለምነህ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ፣ ዓይንህስ፣ የባሕሩ ወበቅ እንዴት ይዞሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። ስልክህ ከተዘጋ ሃያ ሦስት ቀኑ ነው።

እናታችን «ባሕር እውነት ጨው ነው?» እያለች ስትነዘንዝህ ጅቡቲ በሚመላለሰው ሹፌር በአብዱልአሊም እጅ የላክኸው፣ የዓሣ ቅርፊት የሚንሳፈፍበት አንድ ሃይላንድ ውሃ ደርሶናል። ጠብታ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደችና ሳቀች። ከዚያ ጓዳ፣ ከጠበሉ ጀሪካን አጠገብ አስቀመጠችው። በማግስቱ በቀትር ዱቄት ልትዝቅ ብትገባ ውሃው በጨለማው ውስጥ ያበራል። እኔም አየሁት። እሳት የለው፣ ጭስ የለው፣ ሰማያዊ ሆኖ ዝም ብሎ ያበራል።

ስልክህ የተዘጋው በዚያው ሰሞን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሩዝ አጨዳ ሲወርድ እሷ ጓዳ መዋል ጀመረች። ብርሃኑ ሲደክም ጠርሙሱን አንስታ «ዓለምነህ» ትላለች፤ ቦግ ይላል። ስታነሣው እየነቀነቀችው መሆኑን ብነግራት አልሰማ አለችኝ።

ላቦራቶሪ የሚሠራውን የአክስታችንን ልጅ ይሄይስን ጠራሁት። በባሕር ውሃ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ እንደሆነ፣ ሲበዛ እንደሚያበራ፣ ሲነቀነቅ አየር አግኝቶ እንደሚነቃ አስረዳን። ምግቡ ሲያልቅ ይሞታል አለ። ልጠራው ስሄድ ምነው እግሬን በሰበረው! እናታችን ቀና ብላ፣ «ሕይወት ካለው የማን ሕይወት ነው?» አለችው።

ባለፈው ሐሙስ ብርሃኑ ጠፋ። ብትጠራው፣ ብትነቀንቀው ጨለማ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። የኔታ ገብረ ሐናን ፍትሐት ያድርጉልኝ ብትላቸው መርዶ ሳይመጣ አይሆንም ብለው ተቆጧት፤ እሷ ግን መርዶዬን በዓይኔ አይቻለሁ ትላለች። ጎረቤቱም ግራ ገብቶት ለቅሶ ይደርሳል። ትናንት እኔው፣ ባክቴሪያ ነው ባይዋ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ አለቀስኩ። ፈርቻለሁ ወንድሜ።

አብዱልአሊም ነገ ወደ ጅቡቲ ይመለሳል፤ ይህን ደብዳቤ ዓሣ የምታወርድበት ድረስ ይዞልህ ይመጣል። እባክህ ድምፅህን አሰማን።

ይሄይስ እጅ ነሥቶሃል። ታናሻችን መባ ስምህን እየጠራች ትተኛለች። የኔታ እግዚአብሔር ይጠብቅህ ብለዋል። እናታችንን፣ ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብላት፣ «ለሞተ ሰው ጸሎት እንጂ ሰላምታ አይላክም» ብላኛለች።

እህትህ ትርሲት
ወረታ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.