እግሩ የተቆረጠው ጠረጴዛ

ደባርቅ፣ ጥር 16 ቀን 2001 ዓ.ም.

ዛሬ ከባለቤቴ ከጥሩወርቅ ጋር ጠረጴዛ ልንመርጥ ዳባት ደርሰን መጣን። እዚያ የሚኖሩት እትዬ ዘይነባ ጎንደር ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ስለሆነ የቤታቸውን ዕቃ እየሸጡ ነው። ሁለት አሮጌ ጠረጴዛዎች አሳዩን። አንደኛው ረጅምና መሳቢያ ያለው ነው። ጥሩወርቅ ገና ስታየው ወደደችው፤ በቅርቡ ካሠራናቸው ወንበሮች ጋር ልክ ነበር።

ሁለተኛው የዋንዛ ነው፤ እግሮቹ በመጋዝ ተቆርጠዋል። ጎንበስ ብዬ የተቆረጠበትን ዳበስኩት። በልጅነቴ መካነ ብርሃን ሳለን አባቴም እንዲሁ አድርጎ ነበር። ከደባርቅ በሸክም ያስመጣው ጠረጴዛ ቤት ሲገባ፣ መደብ ላይ ለተቀመጥነው አገጫችን ድረስ መጣ። እናቴ «ይኼስ ለቆመ ሰው ነው» ብላ ሳቀች። አባቴ መጋዝ ተውሶ አራቱንም እግር ቆረጠ። አንዱን አብዝቶ ስላሳጠረው፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሩ ተለይቶት አያውቅም።

«እሱን ተወው የኔ ልጅ፤ ባለቤቴ ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ያበላሹት» አሉኝ እትዬ ዘይነባ።

«አላበላሹትም» አልኳቸውና እሱኑ አስጫንኩ። ጥሩወርቅ የረጅሙን መሳቢያ ገፍታ ዘጋችና ቀድማኝ ወጣች።

አሁን ሳሎን ቆሟል። ወንበር ስቤ ብቀመጥ ጉልበቴ ከሥሩ አልገባ አለ። ጥሩወርቅ በር ላይ ሆና አየችኝና፣ «እንግዲህ ወንበሮቹን ምን ልናደርጋቸው ነው?» አለችኝ።

አልነገርኳትም እንጂ፣ ነገ ከጎረቤት መጋዝ እዋሳለሁ።