«ካንሰር የለብኝም» በማለታቸው የተሰረዘው የአባቴ የጨረር ተራ

ፍኖተ ሰላም
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጨረር ሕክምና ማዕከል
ለቀጠሮና ተራ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በእኔ ጥፋት የተሰረዘው የአባቴ ተራ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች መምህር ባምላኩ፣ በጅጋ ዙሪያ የሚያርሱት የአቶ ስመኘው ክንፈሚካኤል ልጅ ነኝ። አባቴ በግንቦት የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪሙም «ገና ጅምር ነው፤ ከፕሮስቴት ዕጢው አልወጣም፤ ቦታውን ለይቶ የሚመታ ጨረር በጊዜ ካገኙ የመዳን ተስፋቸው ሰፊ ነው» ብለው ወደ ማዕከልዎ ላኩን፤ በዚያው ወር አስመዘገብኋቸው።

1. ካንሰር መሆኑን ለአባቴ አልነገርኋቸውም። ጎረቤታችን አያ አለበል የበሽታቸውን ስም በሰሙ ማግሥት እህል አልቀምስም ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበርና፣ አባቴም ተስፋ እንዳይቆርጡ ፈርቼ «የሽንት ሕመም ነው» አልኋቸው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» እያልሁ ልጆች የማስተምር ሰው ነኝ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

2. ኅዳር 7 ቀን ከክፍልዎ ሲደወል የእኔ ስልክ ዝግ ነበር። በተጠባባቂነት በሞላሁት በአባቴ ቁጥር ሲሞከር እሳቸው በርበሬ ሸጠው ከጅጋ ሲመለሱ ተገኙ። «ለካንሰርዎ የጨረር ተራዎ ደርሷል» ቢባሉ፣ «ተሳስታችኋል ልጄ፤ እኔ ካንሰር የለብኝም። ለባለቤቱ ስጡለት፣ እየጠበቀ ይሆናል» አሉ። ሠራተኛዋ ያሉትን መዝግባ ሰረዘች፤ ጥፋት የለባትም።

አባቴ «ዛሬማ ካንሰር አለብህ ተባልሁ» ብለው እየሳቁ አጫወቱኝ። ለማያውቁት በሽተኛም «እግዜር ይማረው» አሉለት። እኔም አብሬ ሳቅሁ! ሁለት ሳምንት ሙሉ እውነቱን ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

3. ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እናቴ ወይዘሮ ደጊቱ ባሉበት ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰኞ ዕለት ሐኪሙ አይተዋቸው በሽታው አሁንም ከዕጢው እንዳልወጣ ጽፈዋል፤ ደብዳቤው ተያይዟል። እንደ አዲስ ተመዝግበው ወራት ከጠበቁ ግን እንዲሁ እንደሚቆይ ዋስትና የለንም።

ስለዚህ የማንም ተራ ሳይነካ፣ የሚቀር ታካሚ ሲኖር አባቴ እንዲተኩ፣ ይህ ካልሆነም በግንቦቱ ምዝገባቸው እንዲታዩ በትሕትና እለምናለሁ። ከእንግዲህ ሲደወል ለራሳቸው ይነገራቸው፤ ያውቃሉ።

ይህን ማመልከቻ አንብቤላቸው አሻራቸውን አኑረዋል። «ጨምርበት» ብለው ያዘዙኝም እንዲህ የሚል ነው፦ «ተራዬ ለደረሰው ሰው ይሁንለት፤ አልጸጸትም። ግን እኔም መኖር እፈልጋለሁ።»

ከአክብሮት ሰላምታና ከኀፍረት ጋር

ባምላኩ ስመኘው (ፊርማ)
የአቶ ስመኘው ክንፈሚካኤል የጣት አሻራ