ደጋን የሌለው ማሲንቆ

ረቡዕ፣ ደባርቅ

«እኔ መሣሪያ መትቼ አላውቅም» አሉኝ ጋሽ ማሩ፣ ገና የሠርግ ኪቦርዴን ከጨርቁ ሳላወጣው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ «ይምቱት» አልኋቸው። አገር ሁሉ «ማሲንቆ መታ» ይላል፤ እሳቸው ዘንድ ግን ማሲንቆ ይገዘገዛል እንጂ አይመታም። የሰፈሩን ሙሽሮች ሁሉ ገዝግዘው ሸኝተዋል። አምና ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ወሰደው፣ ደጋን የሚይዘውን። እሑድ የመጨረሻ ልጃቸው ብርቄ ወደ ዳባት ትዳራለች። ሌላ አዝማሪ ይጠራ ሲባሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። አዲሱን ኪቦርዴን ያመጣሁላቸው በግራ እጃቸው እንዲሸኟት ነው።

ሐሙስ

አሮጌው ኪቦርዴ አንዴ ከነኩት በኋላ ቢጫኑት ባይጫኑት ግድ የለውም። የትምህርት ቤት ደወል ነው። አዲሱ ግን ጣት ሳያነሡ ጠለቅ አድርገው ሲጫኑት ድምፁ ያድጋል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ሲያላሉት ይሳሳል። ሙዚቀኞች አፍተርታች ይሉታል። ስገዛው ጥቅሙ አልገባኝም ነበር። የጋሽ ማሩ ግራ ጣቶች ብርድ ልብሱ ላይ ዜማ ሲፈልጉ ሳይ ገባኝ። ማሲንቆ ላይ አንዱ እጅ ይመርጣል፣ ሌላው ያናግራል። ይኼ ሁለቱንም ሥራ ለአንድ ጣት ይሰጣል።

ዛሬ ሞከሩት። መቱ፣ ለቀቁ። መቱ፣ ለቀቁ። «ዶሮ ጥሬ ስትለቅም መሰለ» አሉ። ልክ ናቸው።

ዓርብ

ብርዱ ጣት ያደርቃል። ጋሽ ማሩ ተስፋ ቆርጠው ብርቄን «በቃ፣ ስፒከር ይሸኝሽ» አሏት። ሳህኖቹን ሰብስባ ጓዳ ገባች።

ቃሉን ለወጥሁ። «አይምቱት። ይገዝግዙት።»

«በምኔ ልገዝግዘው፣ አንተ ሊቅ?»

«በክብደትዎ። ጣትዎን ሳያነሡ፣ ወደ ታች።»

አንዱን ቁልፍ ነኩ፣ ቆዩ፣ ተጫኑ። ድምፁ ተነሣ፤ ተንቀጠቀጠ። ጓዳ ውስጥ የሳህኑ ኳኳታ ቆመ። እኔ ሽቦ የማስተካክል መሰልሁ።

ቅዳሜ

መብራት ቢጠፋስ? ማሲንቆ እንዲህ ያለ ጭንቀት የለበትም። ጄኔሬተር ለምኜ አመጣሁ። ሲነሣ እንደ በሬ ያጓራል።

እሑድ

መብራቱ አልጠፋም።

እዚህ ሰፈር ጋሽ ማሩ ዜማውን ሳይጨርሱ ሙሽራ ደጃፍ አታልፍም። በደጋን ቢሆን የመጨረሻዋ ድምፅ ከደጋኑ አትረዝምም። ቁልፍ ግን ጫፍ የለውም። ይህን አልነገርኋቸውም፤ ራሳቸው ደረሱበት። የመጨረሻዋን ድምፅ ይዘው ቀሩ። ብርቄ የበሩን መድረክ ልትሻገር ስትል ቆመች። ሚዜዎቹ ተያዩ። አንዱ «ጋሼ፣ መንገድ አለብን እኮ» አለ። ጥፍራቸው እስኪነጣ ተጫኑ። እኔ የኪቦርዱ ማጥፊያ አጠገብ ነበርሁ፤ እጄን ኪሴ ከተትሁ።

ከዚያ ጣታቸውን ሳያነሡ ቀስ በቀስ አላሉት። ድምፁ ሳሳ።

«ሂጂ እንግዲህ፣ ልጄ።»

ሄደች።

ሰኞ

ኪቦርዱን ልወስድ ሄድሁ። ጋሽ ማሩ አጠገቡ ተቀምጠዋል፤ ጠፍቷል፣ ጣታቸው ግን ቁልፉ ላይ ነው።

«ቸኩለሃል?»

«ኧረ የለም» አልሁ።

አዲሱን እዚያው ትቼ ቤት ገባሁ፤ አሮጌውን አወጣሁና ነካሁት። ያው ደወል ነው። ቅዳሜ ሌላ ሠርግ አለብኝ። የሰው ልጅ በደወል እንዴት እንደሚሸኝ እንጃ።