ጤነኛዋን በቃሬዛ

እምዬ፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ ልጀምር ስል እጄ ቀጥ አለ። ለሞተ ሰው እንዲህ ይባላል ወይ? ይሁን፣ ሌላ አላውቅም። አንቺ አፈር ከለበስሽ ዛሬ ዓመት ደፈነ። የበኩር ልጅሽ ሙሉቀን ጉና ሥር እቤቱ ሙት ዓመትሽን እያወጣልሽ ነው፤ ካህናቱም ዘመዱም እዚያው ናቸው። እኔን ታናሽ እኅቱን ግን አልጠራኝም። ለምን እንዳልጠራኝ ልነግርሽ ነው እዚህ ደብረ ታቦር ቤትሽ ውስጥ ብቻዬን የተቀመጥሁት።

አንቺ የሄድሽ ሰሞን፣ ተወልጄ ያደግሁበት ቤት የሰው ቤት ሆነብኝ። ውሃው በርሜል ውስጥ ነው፣ እጄን ብዘረጋ አልደርስበትም። ጨውና በርበሬው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሽንት ቤቱ ጓሮ፣ ከደረጃው ታች ነው። ፖሊዮ እግሬን ከወሰደው ጀምሮ እግሬ የአንቺ ጀርባ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፋትን ሴት አዝለሽ ስትወርጂ የሚሣለቁ ነበሩ፤ አንቺ ደግሞ መቀነትሽን ጠበቅ አርገሽ፣ የናንተዎቹ በእግራቸው ሄደው የት ደረሱ ትያቸው ነበር። ወይ አፍሽ! እሱን እንኳ ለእኔ አውርሰሽኛል ይላሉ።

ግን እምዬ፣ ዛሬ ልቆጣሽ ነው። ውሃ ልቅዳ ስልሽ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ ነው ትይኛለሽ። እሳት ላንድድ ስልሽ፣ ተቃጥለሽ ልታቃጥይኝ ነው ትይኛለሽ። ሹሩባ መሥራቱን ብቻ ተውሽልኝ፤ እሱንም ቢሆን ሚዶው ከእጄ ከወደቀ የምታነሽው አንቺ ነበርሽ። ፍቅር ነው፣ ዐውቃለሁ። ለብቻዬ የመኖርን ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ አላወራሽኝም፤ ትተሽኝ የማትሄጅ ይመስል።

ተዝካርሽ እንደወጣ ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። ሙሉቀን፣ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ፣ እኔ እያለሁ እኅቴ የማንም እጅ አታይም አለ። ሁሉም እሰይ፣ የወንድም ወጉ ይኸ ነው አሉት። እኔ እዚያው መሐላቸው ተቀምጫለሁ፤ አንቺስ ምን ትያለሽ ያለኝ ሰው የለም። ወደ ጉና ይዞኝ ሲሄድ መኪናው አስፋልቱ ዳር ሲያወርደን አራት ጎበዛዝት ቃሬዛ ይዘው ቆመዋል። በበቅሎ ልሂድ ብል ትወድቂያለሽ ተባልሁ።

የአገራችንን ደንብ ታውቂዋለሽ፤ ቃሬዛ ያየ ሰው የያዘውን ጥሎ ይመጣል። ድንች የሚቆፍረው ዶማውን ጥሎ መጣ፤ የሚያርሰው በሬዎቹን አቁሞ መጣ፤ እየተቀባበሉ ተሸከሙኝ። ሁሉም እግዜር ይማርሽ ይለኛል። ኧረ ጤነኛ ነኝ፣ አውርዱኝ ብዬ ብጮህ፣ አይ ልጄን፣ ትኩሳቱ ነው የሚያስለፈልፋት አሉ። አንዷ ባልቴት ጣራ ገዳም ወስዳችሁ አስጸልዩላት ብላ መከረች። ሌላዋ የሞትሁ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወዬ ወዬ እያለች መጣች፤ ቀና ብዬ ሳያት ደንግጣ ልትወድቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን፣ በዚያ ሁሉ ደግ ሰው ትከሻ ላይ ሆኜ፣ እንደዚያ ቀን ብቸኛ ሆኜ አላውቅም።

ጉና ሥር አልበደሉኝም፤ ከእኔ አፍ ይኸን አትሰሚም። እሳቱ ዳር ያለውን መደብ ለቀቁልኝ። ወተቱ ለእኔ፣ ጋቢው ለእኔ። ግን ካስቀመጡኝ ቦታ አልነቃነቅም፤ ሽንቴ ሲመጣ ሰው ከእርሻ እስኪመለስ እጠብቃለሁ። ውሃ መጠጣቱን ቀነስሁት። የጎረቤት ሴቶች ሹሩባ መቻሌን ሰምተው መምጣት ሲጀምሩ ነፍሴ መለስ አለች። ሙሉቀን ከለከለ። እኅቱን መደብ ላይ አስቀምጦ ያሠራታል ሊሉኝ ነው አለ። ስሙ ነው ያሳሰበው፤ የእኔ እጅ ሥራ ፈትቶ መዋሉ አልታየውም።

ከመከልከሉ በፊት ጠጉሯን የሠራሁላት አንዲት የቀበሌው ጤና ሠራተኛ ነበረች፣ ውባለም የምትባል። ደብረ ታቦር የአካል ጉዳተኞች ማኅበር አለ፣ ለብቻቸው ቤት ይዘው የሚኖሩም አሉበት ብላ ነገረችኝ። እጄ ጠጉሯ ላይ ቀረ። እምዬ፣ ያልጠየቅሽው ጠበል፣ ያልተሳልሽለት ታቦት የለም፤ ይኸን ግን ማንም አልነገረሽም። እዚያው ከተማችን ውስጥ! እኔን ለሰው ዓይን ሰስተሽ ቤት ስላኖርሽኝ ይሆን? እንጃ።

መልእክቴን ወሰደችልኝ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ደሴ በአንድ እግራቸው በክራንች የሚሄዱ ሰው ናቸው፤ ክራንቻቸውን ኮርቻው ላይ አጋድመው በበቅሎ ዳገቱን ወጡት። ሙሉቀን አክብሮ ተቀበላቸው፣ ጠላ ቀዳላቸው፣ ከዚያ ማን ሊያነሣት ማን ሊጥላት ነው ብሎ ሞገታቸው። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው፣ አንቺ የት መኖር ትፈልጊያለሽ አሉኝ። አንቺ ከሞትሽ ወዲህ የተጠየቅሁት የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ቤቴ አልሁ። በዚያችው በቅሎ ከኋላቸው ተፈናጥጬ ወረድሁ። ሙሉቀን ልጓሟን ይዞ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ።

ሁሉ ነገር ተቃና እንዳልልሽ አንቺን መዋሸት አልችልም። የአካል ጉዳተኛ ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ ፎቅ ላይ ነው፤ ምን ዓይነት ቀልድ ነው በይ! እየዳህሁ ወጣሁ። ኃላፊው እኔን ትቶ ጋሽ ደሴን፣ እሷ ምንድን ነው የምትፈልገው ብሎ ጠየቀ። አፍ አላት፣ እሷን ጠይቅ አሉት። የጠየቅሁት ተሽከርካሪ ወንበር ከባሕር ዳር ይመጣል ሲሉኝ መንገዱ ተዘጋ፤ ተከፈተ ሲሉኝ ደግሞ ተዘጋ። በመጨረሻ ሲመጣ ለሰፈራችን ድንጋይና ጭቃ የማይሆን ሆኖ አገኘሁት። በበጋ እስከ ጎረቤታችን ፋጡማ ሱቅ ያደርሰኛል፤ ክረምት ሲገባ ቤት ያስቀረኛል።

የማኅበሩ አናጢ ግን እጁ ይባረክ፤ መደርደሪያውን አወረደልኝ፣ የጓሮውን ደረጃ በድንጋይና በአፈር ሞልቶ አስተካከለልኝ፣ ለሽንት ቤቱ መሐሉ የተቀደደ ወንበር ሠራልኝ። ለብቻዬ ደርሼ የተመለስሁ ቀን ዕልል አልሁልሽ፤ ለሽንት ቤት ዕልል የሚል እኔን አየሽ። ውሃውን ፋጡማ ቧንቧ ባላት ጀሪካን ታስሞላልኛለች፤ እኔ ደግሞ የሴት ልጆቿን ጠጉር እሠራለሁ። ስታመጣልኝ አንጀቴን በላሽው የሚል ፊት የላትም፤ እሱን ነው የምወድላት።

ከዚያ ወደቅሁ። ጠዋት ከአልጋ ወደ ወንበሩ ስሻገር ወንበሩ ሸሸኝ። በሩን ከውስጥ ቆልፌዋለሁ፤ ከውስጥ መቆለፍ ደስ ይለኝ ነበር፣ ባለቤት ያደርገኛል። ስልኬ ትራሱ ሥር ነው። ገበያተኛው ሲያልፍ ድምፁ ይሰማኛል፣ የእኔ ድምፅ ግን ለእነሱ አይሰማም። ወለሉ ላይ ዋልሁ፤ ራሴን አረጠብሁ። አንቺን ጠራሁሽ፣ እንደ ሕፃን። ገበያው ሲበተን ፋጡማ ዝምታዬ አላምር ብሏት በሩን አሰብራ ገባች።

ሙሉቀን በነጋታው ደረሰ። ለመነኝ፣ ተቆጣኝ፣ አለቀሰ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ የሱም አልገደደም። ልብሴን እያነሣ መጠቅለል ጀመረ። ነጠቅሁት። ወንድሜ፣ አንተ ቤት ደኅና ሆኜ ከምሞት እዚህ ወድቄ እየተነሣሁ ልኑር አልሁት። ልብሱን ለቀቀው። እንግዲያው ከእንግዲህ ልቀብርሽ እንጂ ላነሣሽ አልመጣም አለኝና ወጣ። እንዳለውም አልመጣም። በሩን ከዚያ ወዲህ አልቆልፈውም፤ ስልኬንም አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ። ፍርሃቱ ግን አብሮኝ ነው የሚነሣው፣ አብሮኝ ነው የሚተኛው።

እምዬ፣ ከጸሎትሽ መጨረሻ ሁልጊዜ የምትያት ነገር ነበረች። እንደተኛሁ ነበር የሚመስልሽ። ጌታዬ፣ እሷን ከእኔ አስቀድማት፣ ከኋላዬ አታስቀርብኝ ትይ ነበር። ልጅሽ እንድትሞት ትለምኚ ነበር። ክፋት እንዳልሆነ አሁን ይገባኛል፤ ያለ አንቺ እንዴት እንደምኖር ያሳየሽ ሰው ስላልነበረ ነው። ቢሆንም ያማል፤ እስከ ዛሬ ያመኛል። እንኳንም አልሰማሽ። ይኸን ለእናት መጻፍ ምን ያህል እንደሚከብድ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ዛሬ ካህን የለኝ፣ ድግስ የለኝ፤ ንፍሮ ቀቀልሁልሽ። ውሃውን ራሴ ቀዳሁ፣ እሳቱን ራሴ አነደድሁ፣ ጣቴን ትንሽ ፈጀኝ። ለነዳያን በደጃፉ ከሰጠሁ በኋላ የተረፈችውን ይዤ ተቀመጥሁ። ዓመቱን ሙሉ አንቺን ያላስታወስሁበት ሰዓት የለም፤ ግን የማስታውስሽ ውሃ ሲጠማኝ ነበር፣ ስወድቅ ነበር፣ ሽንቴ ሲመጣ ነበር። እሱ ችግሬ እንጂ ናፍቆትሽ አልነበረም። ዛሬ ንፍሮውን ስበላ ጠግቤ፣ ደርቄ፣ ምንም ሳይጎድለኝ ድንገት ትዝ አልሽኝ። መቀነትሽን ጠበቅ ስታደርጊ፣ ስትስቂ። ያኔ ለአንቺ ለራስሽ አለቀስሁልሽ።

እንዲህ አድርጌ ላስታውስሽ ቃሌ ነው፣ እምዬ፤ ምንም ሳልፈልግብሽ።

ልጅሽ አትጠገብ