የገጽ 114ን እርማት ሳይጨርሱ ያረፉትን ሚስ ሂላሪ ትሮብሪጅን በተመለከተ

የዌንቦርን የዘር ሐረግ ማኅበር ለአርባ ስድስት ዓመት አባሉ፣ ለአርባ ዓመት ደግሞ የመዝገብ ኃላፊው የነበሩት ሚስ ሂላሪ ትሮብሪጅ ባለፈው ማክሰኞ ጃንዋሪ 16 ቀን 2024 በሰማንያ አራት ዓመታቸው በቤታቸው ማረፋቸውን ለአባላት፣ ለወዳጆችና ለከተማው ነዋሪ በከባድ ሐዘን ያሳውቃል።

ሐዘናችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ እሳቸውን አጥተናል። ሁለተኛ፣ የጀመሩትን የሚጨርስ ሰው የለንም።

ሚስ ሂላሪ በ1939 ከኮርቻ ሰፊ አባት ተወለዱ። በሴቶች ትምህርት ቤት ላቲን ሠላሳ ዓመት አስተምረዋል። የሌሎችን የባላባት ዘር እስከ ስድስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ኖረው፣ የራሳቸውን ሲጠየቁ ግን “ኮርቻ ሰፊ፣ ኮርቻ ሰፊ፣ ኮርቻ ሰፊ፣ ከዚያ ጨለማ” ይሉ ነበር።

ለማኅበሩ ካበረከቱት በጥቂቱ፦

በ1978 አባል ሆኑ። በዚያው ክረምት በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት እርጥበት የበላቸውን አሥራ ሰባት የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቦች አወጡ፤ ገጹን ከገጽ እየለዩ በወረቀት አደረቁ። ያን ጊዜ የያዛቸው ሳል እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም።

በ1983 የስድስት መቶ አሥራ ሁለት ኑዛዜዎች ማውጫ አዘጋጁ። እስከ ዛሬ የምንጠቀመው እሱን ነው።

በ1987 የማኅበሩን ሦስተኛ ቅጽ ጻፉ። ሦስት መቶ ቅጂ ታተመ። ስህተቱ ያለው በዚህ ቅጽ፣ ገጽ 114 ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰር ሪቻርድ ስታንሎው የሚባሉ ባላባት በ1541 በተናዘዙት ኑዛዜ “ለአማቼ ለቶማስ ኮርብሪጅ” ብለው የላባ ፍራሽና ሁለት በሬ ትተዋል። ቶማስ አማች ከሆነ ሰር ሪቻርድ ሴት ልጅ ነበራቸው ማለት ነው። ስለዚህ ሚስ ሂላሪ በሰር ሪቻርድ ስር “ስሟ ያልታወቀ ሴት ልጅ፣ የቶማስ ሚስት” ብለው አንዲት ሴት አስገቡ። የኮርብሪጅ ዘሮች በሙሉ በዚህች ሴት በኩል የስታንሎው ደም አለን አሉ። የስታንሎው ዘር ደግሞ ወደ ኋላ ንጉሥ ቤት ይደርሳል።

ከ1994 እስከ 2011 ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የድሮ እጅ ጽሑፍ ማንበብ አስተማሩ። ሠላሳ አንድ ሰው ተምሯል። ዛሬ በሕይወት ያሉት ሁለት ናቸው፤ አንዳቸው ዓይናቸውን አጥተዋል፣ ሌላይቱ ሰው መለየት አቁመዋል።

በ2009 ሚስ ሂላሪ የ1529 የጋብቻ ውል አገኙ። የሰር ሪቻርድ ሁለተኛ ሚስት ኤሊኖር የአንድ ሟች ኮርብሪጅ ሚስት ነበሩ፤ ሲያገቡ ቶማስ የሚባል የስድስት ዓመት ልጅ ይዘው መጥተዋል። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ሰው የእንጀራ ልጁንም “አማቼ” ብሎ ይጽፍ ነበር። ቶማስ የእንጀራ ልጅ ነው። በገጽ 114 ያለችው ሴት በዓለም ላይ ኖራ አታውቅም።

በ2012 እርማቱ ይታተም ብለው ለኮሚቴው አቀረቡ። በዚያን ጊዜ ሊቀመንበራችን ሚስተር ጀርቬዝ ኮርብሪጅ ነበሩ። ቀጥሎ ያለው ከቃለ ጉባኤው የተወሰደ ነው፤ እንድናወጣው እሳቸውም ፈቅደዋል።

“ሂላሪ፣ በዚህ ዕድሜዬ አያቴን ልትነጥቂኝ ነው?”

“ማንን ነው የምነጥቅህ? ሴትዮዋ አልነበረችም። እኔ ነኝ የወለድኳት፤ ያውም ሳላገባ።”

“ታዲያ ሃያ አምስት ዓመት ካሳደግሻት ምን አስቸኮለሽ? አሁን ትቆይ።”

ስድስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ትቆይ ተባለ። ይህን የወሰነው ኮሚቴው ነው። ዛሬ ልናስተባብለው አንችልም።

ከ2012 ጀምሮ ሚስ ሂላሪ እርማቱን በትንሽ ወረቀት ላይ በራሳቸው እጅ እየጻፉ፣ ቅጂው ያለበትን ቤተ መጻሕፍትና የግለሰብ ቤት እያፈላለጉ፣ ገጽ 114 ላይ ይለጥፉ ነበር። በአውቶቡስ ነበር የሚሄዱት። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ግን የሚነዱላቸው ሚስተር ጀርቬዝ ራሳቸው ነበሩ። መቶ ዘጠና ሰባት ቅጂ ታርሟል። የሚስተር ጀርቬዝ ቅጂ ከእነዚህ ውስጥ የለም። ለምን ብለን ስንጠይቃቸው “እሷም ስጠኝ አላለችኝም፣ እኔም እንኪ አላልኳት” ብለዋል።

በ2016 ሴትዮዋ በኮምፒውተር በሚሠሩ የዘር ሐረጎች ላይ እንደገባች ታወቀ። ባለፈው ወር ስንቆጥር አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቦታ አለች። ማርጀሪ የሚል ስም ሰጥተዋታል። የልደት ቀን አላት፤ የሌላ ሴት ሥዕልም ለጥፈውላታል። ሚስ ሂላሪ እንደ ደንባችን “የመዝገብ ክፍል” ብለው እየፈረሙ ለሦስት መቶ ያህል ሰው ጽፈዋል። ከመለሱት አንዱ የአውስትራሊያ ሰው እንዲህ ይላሉ፦ “እሜቴ፣ ማርጀሪ አሥራ አራተኛ አያቴ ናት። ከመሳደብዎ በፊት ሂላሪ ትሮብሪጅ የሚባሉ ትልቅ ባለሙያ የጻፉትን ቢያነቡ ይሻልዎታል።” ሚስ ሂላሪ ደብዳቤውን በስብሰባ ላይ ጮክ ብለው አንብበው ስቀዋል። ከዚያ በኋላ ግን ለማንም አልጻፉም።

አሁን ያለንበት ሁኔታ ይህ ነው። የጋብቻ ውሉ አሥራ አራት ገጽ ነው። ሚስ ሂላሪ ዘጠኙን ገልብጠዋል፤ አምስቱ ቀርቷል። ሙሉ ንባቡ ካልቀረበ እርማቱን የሚቀበል መጽሔት የለም። የቀረውን የሚያነብ ሰው ፈልገናል። የአባላትን ልጆች አንድ በአንድ ጠይቀናል፤ ጎበዞች ናቸው፣ ግን ሥራ አላቸው፣ የራሳቸው ጭንቀት አላቸው፣ አንፈርድባቸውም። አንዷ አይታው “አባዬ፣ ይሄ ጽሑፍ ነው ወይስ ዶሮ የሄደበት?” አለች። ለዩኒቨርሲቲም ጽፈናል፤ መልስ አልመጣም። ማኅበሩም በማርች ለመፍረስ ድምፅ ይሰጣል፤ ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

የቀብር ሥነ ሥርዓቱ አርብ ጃንዋሪ 26 ከቀኑ በስድስት ሰዓት በቅድስት ሚልበርጋ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። የኮረብታው መንገድ በረዶ ይዞታልና ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ልጆች የያዛችሁ በታችኛው በር ግቡ። ከቀብር በኋላ በአዳራሹ ሻይና ሳንድዊች ይኖራል።

ለእህታቸው ለሚስስ ጆን አስክዊዝ፣ ለእህታቸው ልጅ፣ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ኮሚቴው መጽናናትን ይመኛል። ያልናቸውን “ትቆይ” ግን በምን እንደምናጽናና አናውቅም።

ሚስ ሂላሪ አበባ አታምጡ ብለው ተናዘዋል። ይልቅ ሦስተኛው ቅጽ ያለው ሰው ገጽ 114ን ገልጦ፣ ከላይ በሦስተኛው መስመር ያለችውን ሴት በእጁ እንዲሰርዝላቸው ጠይቀዋል። ይህ መግለጫ የሚደርሰው ዘጠኝ አባላትንና የከተማውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ከሚስተር ጀርቬዝ ቅጂ በቀር፣ የቀሩት መቶ ሁለት ቅጂዎች በማን እጅ እንዳሉ አናውቅም።

ስለ ኮሚቴው፣
ኮሊን ዳፍኒ፣ ጸሐፊ
ዌንቦርን፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2024