አሥራ ስምንተኛዋ ነጥብ

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? የእማዬ ጉልበት ተሻላት ወይ? ንቦቹስ ዘንድሮ ቀፎ ገቡ? እኔ እግሬ ከመላጡ በቀር ደህና ነኝ፤ ተመስገን።

«ልጅዎ በገበያ ቀን ሁሩሙ ታየች፤ ደጅዎ ደርሳ ተመለሰች» ብለው እንደነገሩዎት ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ አባኮ። ይቆጡኝ፤ ግን መጀመሪያ ደስታዬን ይስሙልኝ።

መሥሪያ ቤታችን የአገሩን መሬት በሳተላይት ፎቶ እያየ የቱ ጫካ እንደቆመ፣ የቱ እንደተመነጠረ ይመዘግባል። ደን ሲጠፋ ወደ አየር የሚገባው ካርቦን ተሰልቶ አገሪቱ ለዓለም ሪፖርት ታደርጋለች። እኔ ገና የሙከራ ቅጥር ነኝ። ታዲያ ከእኛ አካባቢ አሥራ ስምንት ነጥቦች ካርታው ላይ ቀይ ሆነው መጡ፤ ተመንጥሯል ማለት ነው። አለቃችን ጋሼ ሸዋንግዛው ሊፈርሙ ሲሉ «ይቆዩ!» አልኩ። ፎቶው የጥር ነው፤ በጥር ዋንዛ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ጥላው ሲሳሳ ከላይ ለሚያየው እርሻ ይመስላል፤ አልኳቸው። ይህንን ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም፤ ከእርስዎ ኋላ ኋላ እየሄድኩ ያየሁት ነው። እሳቸው ሳቁብኝ። «ለአገርሽ ልጆች ጥብቅና መቆምሽ ነው? ሂጂና አረጋግጪ፤ ካልሆነ አንቺም እንደ ዋንዛው ትረግፊያለሽ» አሉኝ።

ሄድኩ! ከባልደረባዬ ከሞሲሳ ጋር እስከ መቱ በመኪና፣ የዳሪሙን ገጠር በእግር። ሞሲሳ ስልኩ ላይ አፍጥጦ «አሁን የቆምነው ባዶ ማሳ ላይ ነው» ሲለኝ የቡና ቅርንጫፍ ጠልፎ ዘረረው። በሳቅ ሞትኩ። አሥራ ሰባቱም ጫካ ናቸው፣ አባኮ! ቅጠላቸውን መልሰው ለብሰው ጠበቁን።

አሥራ ስምንተኛዋ ሁሩሙ ነች፤ ከወንዙ በታች። እሷ እውነትም ተመንጥራለች። የድሮ ፎቶዎች አወጣሁ፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት መስከረም ዛፉ አለ፤ በዓመቱ የለም። ሞሲሳ ጉቶዎቹ መሀል ቆሞ «መሬቱ የማን ነው?» ቢለኝ «ልጁን ያስተማረ ሰው» አልኩት። እርስዎ ሁልጊዜ «የንቦቹ ማር ነው ያስተማረሽ» ይሉኝ ነበር።

ያን ቀን ቤት ያልገባሁት ፊቴ መዋሸት ስለማይችል ነው።

ነጥቧን ቀይ እንደሆነች ተውኳት። ጋሼ ሸዋንግዛው ቅጾቹን ሲያዩ የመጨረሻዋ ላይ ቆሙ። «ይቺንስ ለምን አላዳንሻትም?» አሉኝ። «ስለተቆረጠች» አልኩ። የባለይዞታውን ስም አነበቡ፤ ዝቅ ብለው የእኔን ሙሉ ስም አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና ሁሉንም ፈረሙ። ሰኞ ደግሞ የቋሚ ቅጥር ደብዳቤዬን ሰጡኝ። አሥራ ሰባቱ ጫካዎቻችን በአገሪቱ መዝገብ ላይ ቆመዋል!

በሰኔ የዋንዛ ችግኝ ይዤ እመጣለሁ። አርባ ጉድጓድ ቆፍረው ይጠብቁኝ። ቦታውን እርስዎ ያውቁታል።

ጥላቸው ሥር የሚያርፉበት ዕድሜ ይስጥዎ፤ እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ።

ያስተማሯት ልጅዎ