ከመስተዋቱ የተደበቀችው ጣት

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ባልሽና አማትሽ ደህና ናቸው? የወገብሽ ሕመምስ ለቀቀሽ ወይ? እኛ አለን። የባሕሩ ነፋስ የድንጋዩን ብናኝ ቤት ድረስ እያመጣ ሚስቴን ያስረግማታል። አባባም ደህና ናቸው፤ ብቻ ወደ ሥራው ዳስ መውጣት ትተዋል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከማዱራይ በባዶ እግሬ መጥቼ፣ ወንድሜ ከድንጋይ የቀረጻት እናት አምላካችን አምማን ፊት ወድቄ ልጅ እለምናለሁ ብለሻል። አንብቤ እንደጨረስኩ ብዕር አነሳሁ። እንዳትመጪ ነው የምጽፍልሽ። ምክንያቱን ልንገርሽና ከዚያ ስደቢኝ።

ድንጋይዋ በመዶሻ ሲነኳት እንደ ደወል የምትጮኽ ነበረች። እኔና አባባ ሰባት ወር ለፋንባት። ቤተ መቅደሱ ሊመረቅ አምስት ቀን ሲቀረው የምትባርክበት የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ተሰበረች። እንዴት ሆነ አትበይኝ። የጎደለ ምስል እንደማይመለክ አንቺም ታውቂያለሽ፤ አያታችን ለአንዲት የጆሮ ጫፍ ሲሉ የዓመት ሥራቸውን ባሕር ጥለዋል።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ ያ ቼላፓን፣ ሰምቶ ከተፍ አለ። ያን አፍ የሚያቀላ ቅጠሉን እያመነዠከ ቀይ ምራቁን ደጃፋችን ላይ ተፋና፣ «ስማ እንጂ ጌታው፣ ቀኑን ኮከብ ቆጣሪው ቆርጦታል። ወተትና የሰንደል ቅባት ሲፈስባት ማን ጣት ይቆጥራል?» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወይስ ማን እንደሰበራት ለአገሩ ላውራ?» አለ። ሰውየው ይቀፈኛል። ከእሱ የባሰ የሚቀፈኝ ግን እሺ ማለቴ ነው።

በሙጫና በድንጋይ ዱቄት ለጠፍኳት። ሽታው እስካሁን ከእጄ አልለቀቀም። ሩዝ ስጎርስ ይሸተኛል፤ ስለዚህ በማንኪያ መብላት ጀምሬያለሁ። ሚስቴ «ፈረንጅ ሆንክልኝ እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች።

የከፋውን ደግሞ ስሚ። በምረቃው ዕለት ዓይኗን በወርቅ መርፌ ጭሬ ስከፍት፣ በሥርዓቱ መጀመሪያ የምታየው የራሷን መልክ ነውና መስተዋት ያዝኩላት። ሙሉ አካሏን ላሳያት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ጣቷ እንዳትታያት ብዬ መስተዋቱን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ሰው ማታለሌ ይቅር፤ እሷን ገና ዓይኗን ስትገልጥ አታለልኳት። ሕዝቡ በደስታ ጮኸ። ቼላፓን የክብር ሻል ሲያለብሰኝ፣ አውልቄ አፉ ውስጥ ብወትፍለት ደስ ባለኝ።

አሁን በየዓርቡ እናቶች ሕፃን ታቅፈው እዚያች ጣት ሥር ይሰለፋሉ። ዘጠኝ ዓመት ያለቀስሽበትን ነገር ይዘሽ አንቺም እዚያ ሰልፍ ውስጥ ስትቆሚ ማየት አልችልም።

ስለዚህ ነገ ካህኑ ዘንድ ሄጄ እናገራለሁ። ማን ሰበራት ካሉኝ እኔ ነኝ እላለሁ። አንቺም ለጠየቀሽ ሁሉ ወንድሜ ነው በይ። ስምህ ይጠፋል ትይኝ ይሆናል። ይጥፋ፤ እዚህ ቤት ከእኔ ስም የሚበልጥ ስም አለ።

ሌላ ድንጋይ አግኝተናል። እኔ በመዶሻ እየመታሁ አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሰባቱን ጥለው ስምንተኛዋ ላይ «ይቺ ናት» አሉኝ። ጆሯቸው ምንም አልደከመም። እሷን ጨርሼ ዓይኗን የምከፍት ቀን ነይ፤ መስተዋቱን አንቺ ትይዣለሽ።

ስትመጪ አንድ ነገር ብቻ አደራ። አባባን ሩዛቸውን አንቺ አጉርሻቸው፤ ናፍቀውኝ ነው በያቸው። ቀኝ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ግን እንዳላየሽ ሁኚ።

እውነተኛዋ አምማን እስከዚያው ከደጅሽ አትራቅ፤ ማህፀንሽን ትባርክልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ